ቢጫውና ጥቁሩ አንድ ጋሪ ላይ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ጥቅምት 5

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆስፒታላችን ውስጥ እኛ ነርሶቹ ሪፖርት እየተቀባበልን ከኮሪደር ጩኸት ሰማን። ከፅዳቶቻችን አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ጥቁሩን ከረጢት አንስተው ሊወጡ ሲሉ ከረጢቱን በስቶ የወጣ መርፌ ጭናቸውን ወጋቸው። ጥቁር ከረጢት ውስጥ ነው እንግዲህ! ጥቁሩ እኮ ለወረቀት፣ ለካርቶን፣ ለምግብ ትርፍራፊ የተባለው ነው፣ ቢጫው ነው ደም ለነካ ተላላፊ ቆሻሻ፣ መርፌ የሚገባው ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ የካርቶን ሳጥን) ውስጥ መሆኑን ዋርዱ ውስጥ የማያውቅ ነርስ የለም፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ስልጠናውንም ወስደናል፣ ግን መርፌው እዛ ነበር፣ ከየትኛው በሽተኛ እንደወጣም የሚያውቅ የለም።

ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጠብንላቸው (ደሙ ይውጣ ብሎ የሚጨምቅ ሰው ብዙ አያለሁ፣ አይጨመቅም) ከዛ ደግፌያቸው ወደ ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድሃኒት) ክፍል ሄድን። ፔፕ የሚባለው፣ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚከላከለው መድሃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደሞ የተሻለ ይሰራል፣ እሳቸው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀመሩ፣ ለ28 ቀን ይወስዳሉ። መንገድ ላይ እጄን ጨብጠው "ሲስተርዬ ልጆቼን እንግዲህ ማን ያሳድግልኛል" ሲሉኝ "አብሽሩ እትዬ፣ ምንም አይሆኑም" አልኩ እንጂ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ኤችአይቪ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ ተወግቶ የመያዝ እድሉ ከ1000 ሰው 3 ገደማ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታው) ግን ላልተከተበ ሰው እስከ 30 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። እኛ ነርሶቹ ተከትበናል። እሳቸውን ማንም አልከተባቸውም፣ ቆሻሻውን ግን በየቀኑ የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ክትባት ዛሬውኑ አስወጋኋቸው። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛ ወሩ ነው። ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይሄን ደብተር ከፈትኩ።

ጥቅምት 8

ሜትረናችንን፣ የነርሶች ኃላፊዋን፣ አናገርኳቸው። በጀት እንደሌለ አውቃለሁ፣ የምጠይቀው ፈቃድ ብቻ ነው፣ የእኛን ዋርድ ብቻ ለሦስት ወር ስጡኝ አልኳቸው። ሰርጂካል (የቀዶ ጥገና) ዋርድ ነው፣ ቁስል የሚታጠብበት፣ ድሬይን (የቁስል ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ) የሚንጠለጠልበት፣ ደም ያለበት ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) በባልዲ የሚወጣበት። "ሌላ ኮሚቴ ልታቋቁሚ ነው?" አሉኝ። አይ፣ መጀመሪያ ማየት ነው የምፈልገው፣ ቆሻሻው ከአልጋው ተነስቶ እስከሚቃጠልበት ድረስ እግር በእግር ልከተለው አልኳቸው። ፈቀዱ። ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ ከስቶር እንዲወጣልኝ ፈረሙልኝ፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱ ፅዳቶችም፣ ይሄን ሳልጠይቅ ነው ያደረጉት።

ጥቅምት 12

ሰሞኑን ነርሶቹን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ወረቀት በትኜ አይደለም፣ ዱቲ ሩም ውስጥ ቡና ሲፈላ ነው የማወራቸው፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው "እለያለሁ" ብሎ ነው የሚሞላው። ጥያቄዬ ሦስት ነው፣ ቆሻሻ የት ትጥላላችሁ፣ ለምን እዛ፣ ደሞ ለአካባቢ ተስማሚ ሆስፒታል ሲባል ምን ይታያችኋል።

ሦስተኛው ላይ አብዛኛው ሰው አበባ ነው ያለኝ። ግቢው ውስጥ የሚተከል አበባ፣ ሳር፣ በክረምት አረንጓዴ አሻራ ላይ ወጥተን የምንተክለው ችግኝ። መጥፎ ነገር አይደለም፣ በሽተኛም ጥላ ስር ሲቀመጥ ደስ ይለዋል። ግን ቆሻሻውን፣ ጭሱን፣ ውሃውን፣ መብራቱን ያነሳልኝ ሰው ከሦስት አይበልጥም፣ ያም የሆነው ማንም ነግሮን ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ብትጠይቁኝ ችግኝ ነበር የምለው።

ለጡረታ ጥቂት ዓመት የቀራቸው አንድ አንጋፋ ሲስተር አሉን፣ የሳቸውን ሳልፅፍ አልተኛም። "ድሮ ሲሪንጁ የመስታወት ነበር፣ እየቀቀልን ነበር የምንጠቀመው፣ ፋሻውም ታጥቦ ተቀቅሎ ይመለሳል፣ የቀኑ ቆሻሻችን አንድ ባልዲ አይሞላም ነበር። ኤችአይቪ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ተጠቅመህ ጣል ሆነ፣ እሰየው፣ ስንት ሰው ተረፈበት። ግን እቃው ሲገባ የሚወጣበትን በር ማንም አላዘጋጀለትም።" አንዷ ወጣት ነርስ ደሞ ቆሻሻ ማየት የፅዳት ሥራ ነው እንጂ የኛ አይደለም ስትል እሳቸው ዞር ብለው "አንቺ የደሴ ልጅ አይደለሽም? የአይጠየፍ አገር ልጅ ሆነሽ የገዛ እጅሽን ቆሻሻ ትጠየፊያለሽ?" አሏት። ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ የሆነው ድሃ ሀብታም ሳይለይ ሁሉም ስለሚበላበት ነው ይባላል። ልጅቷ ዝም አለች፣ ከዛ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ እኔ ጋ መጥታ ምን ላግዝሽ ብላኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው የደነገጥኩት። ለምን አትለዩም ስል ስንፍና ወይ ጥድፊያ ነው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ጥድፊያማ አለ፣ ማታ ሁለት ነርስ ለ32 በሽተኛ ነን፣ የሁለቱ ሰው ድሪፕ አልቆ የሦስተኛው ቁስል እየደማ ማን ነው ባልዲ ፍለጋ የሚሄድ። ግን አምስት ሰው፣ በተለያየ ቀን፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ፦ "እኔ ለይቼ እጥላለሁ፣ በመስኮት ሳይ ግን ቢጫውም ጥቁሩም ታች አንድ ጋሪ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ታዲያ ለማን ብዬ ልለይ?"

ወርጄ አየሁት። እውነት ነው። ጋሪው አንድ ነው፣ ሁለተኛው ጎማው ከወለቀ ቆይቷል።

ጥቅምት 15

መቁጠር ጀመርን። ከረጢት አንከፍትም፣ አደገኛ ነው፣ ሲታሰር ከላይ የሚታየውን አይቶ መፃፍና ስንት እንደወጣ መቁጠር ብቻ። በቀን ስድስት ቢጫ ይወጣል፣ ጥቁር ሁለት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ተቃራኒውን ነው፣ ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 ከመቶው እንደ ማንኛውም የቤት ቆሻሻ ነው፣ የሚያሰጋው 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰርጂካል ስለሆንን የኛ ተላላፊ ቆሻሻ ከሌላው ዋርድ ቢበዛ አይገርመኝም ግን ይሄን ያህል አይደለም። ቢጫው ውስጥ የማየው የጓንት ካርቶን፣ የሲሪንጅ ልባስ ወረቀት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ሃይላንድ፣ የተረፈ እንጀራ ነው። ደም የነካው ጎዝ ከላዩ ሲጨመርበት ሙዙም ካርቶኑም አብሮ ተላላፊ ይሆናል፣ ያ ሁሉ እሳት ውስጥ ሊገባ ነው ማለት ነው። መርፌው ደሞ ጥቁሩ ውስጥ ሄዶ ሰው ይወጋል። ተገለባብጧል በቃ።

ጥቅምት 19

እንጀራውና ሃይላንዱ የአስታማሚዎች ነው። እነሱን መውቀስ አልችልም። ባልዲዎቹ ላይ የተለጠፈው ፅሁፍ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከተንታም ይምጡ ከወረኢሉ፣ ልጃቸውን ሊያስታምሙ የመጡ እናት እሱን አንብበው እንዲለዩ ነው የምንጠብቀው? ከአፋር በኩል የሚመጣ በሽተኛም አለን፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገርም አለ፣ ስለዚ አማርኛ መፃፉም ብቻውን አይበቃም። ያቺ ወጣት ነርስ ስዕል ትችላለች፣ ጥቁሩ ላይ ሙዝ፣ ወረቀትና ሃይላንድ ሳለች፣ ቢጫው ላይ ደም የሚንጠባጠብ ጎዝና ጓንት፣ ከስዕሉ ስር በአማርኛ "ደም የነካው እዚህ" "ምግብና ወረቀት እዚህ" ብላ ፃፈች፣ በሰፊ ፕላስተር ለበጥነው።

ባልዲዎቹም ቦታቸው ልክ አልነበረም፣ ሁለቱም በሩ ጋ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሰው የሚጥለው ደሞ ቀድሞ የደረሰበት ላይ ነው። ጥቁሩን በየክፍሉ አስታማሚ የሚቀመጥበት ጋ አደረግነው፣ ቢጫውን ከአስታማሚ እጅ አርቀን ድሬሲንግ የሚሰራበት ትሮሊ ስር አሰርነው። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀው፣ በማግስቱ ቢጫው ውስጥ እንጀራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

አንዲት እማማ ስዕሉን አይተው "እንዲህ ብትነግሩን ኖሮ ምን ቸገረን ልጄ" አሉኝ።

ጥቅምት 24

መርፌው። ይሄን ለብቻው መፃፍ አለብኝ ምክንያቱም የጀመርነውም በሱ ነው።

ሴፍቲ ቦክሱ የሚቀመጠው ነርስ ስቴሽን ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ የመጨረሻው አልጋ ከዛ 20 ምናምን እርምጃ ይርቃል። ስለዚ ነርሷ መርፌ ወግታ ስትጨርስ ያላት ምርጫ ሦስት ነው፣ የተራቆተ መርፌ ይዛ በበሽተኛና በአስታማሚ መሃል መሄድ፣ ክዳኑን መልሳ መክደን (ብዙ ነርስ የሚወጋው በዚህ ሰዓት ነው፣ ክዳን አይመለስም ተብሎ ስንቴ ተነግሮናል)፣ ወይም ኪድኒ ዲሽ (የእቃ ማስቀመጫ ሳህን) ላይ ከጥጡና ከወረቀቱ ጋር አስቀምጣ በኋላ አንድ ላይ መድፋት። ሦስተኛው ነው እትዬን የወጋው። ማን እንደደፋው አላጣራሁም፣ አላጣራምም፣ እኔም ልሆን እችል ነበር።

ደሞ ካርቶኑ ሲገጣጠም ታቹ በደንብ ካልታጠፈ ይከፈታል፣ እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ መርፌ ከላይ ጎልጎል ብሎም እናየዋለን። ባለ 5 ሊትሩ 100 ያህል ሲሪንጅ ይይዛል ይባላል፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ መነሳት አለበት እንጂ ይገፋል ተብሎ እጅ አይገባበትም።

ፒያሳ አካባቢ ያለ ብረት በያጅ ጋ ሄጄ ለትሮሊያችን ሴፍቲ ቦክስ የሚይዝ ቀለበት እንዲሰራልኝ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው እናቱም ፅዳት ሰራተኛ እንደነበሩ ነገረኝና የብረቱን ብቻ ተቀበለኝ፣ የእጁን አልተቀበለም። አሁን ሳጥኑ መርፌው ያለበት ድረስ አብሮ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ ሦስት አራተኛው ጋ በቀይ እስክሪብቶ መስመር እናሰምራለን፣ መስመሩን ያየ ይዘጋል፣ ማንም ማንን አይጠይቅም።

ጥቅምት 29

ዛሬ ከጓሮ ወረድኩ፣ ኢንሲኔሬተሩ (የቆሻሻ ማቃጠያው) ጋ። አብራኝ ያቺ ወጣት ነርስና ሌሎች ሁለት ነርሶች ነበሩ። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ እዛ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነው፣ የሦስቱም እንደዛው።

የሚያቃጥሉት ሰው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ አያ ነው የምንላቸው። ተቀምጠን አዳመጥናቸው። "እናንተ የምትልኩልኝ ውሃ ነው" አሉን። ምን ማለትዎ ነው ስንል አንዱን ቢጫ ከረጢት በእንጨት ገፋ አድርገው አሳዩን፣ ግማሽ የቀረ የግሉኮስ ፕላስቲክ፣ የሽንት ከረጢት ሳይደፋ፣ በረኪና ውስጥ የተዘፈዘፈ ጎዝ ሳይጨመቅ። እሳቱ ይሄን ሁሉ ሲያገኝ ይቀዘቅዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ሳይቃጠል ይቀልጥና መውጫውን ይደፍናል። ጠርሙሱ ደሞ ይፈነዳባቸዋል፣ ክንዳቸው ላይ ጠባሳ አለ።

ደንቡ ሁለት ክፍል ያለው ማቃጠያ የመጀመሪያው ክፍል ቢያንስ 850 ዲግሪ ሁለተኛው 1100 ዲግሪ መድረስ አለበት ይላል። የኛው የጡብ ነው፣ ሙቀት መለኪያ የለውም፣ አያ የሚለኩት በጭሱ ቀለም ነው፣ ነጣ ሲል ሞቀ ማለት ነው። ሙቀቱ ሳይደርስ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ የደም ከረጢትና አብዛኛው የድሪፕ ቱቦ ከፒቪሲ ነው የሚሰራው፣ እሱ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፣ ካንሰር የሚያመጣ፣ አፈር ውስጥም ሰውነት ውስጥም ለዓመታት የሚቆይ። አገሮች እሱን ለመቀነስ በ2001 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ስምምነት ተፈራርመዋል፣ እኛም አለንበት። አያ ግን አፍንጫቸው ላይ ያለው ሻሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ ደሴ ብርድ ናት፣ በጥቅምትና በህዳር ጠዋት ጠዋት ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፣ ተኝቶ ወደ ሰፈር ነው የሚሄደው። አጥሩን አልፎ ልብስ የተሰጣበት ግቢ ይታያል። አመዱ የሚከማችበት ጉድጓድ አንድ ጎኑ ተንዷል፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ይዞት ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ታች ማለት ቦርከና ነው። ቦርከና ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዛ ወደ አዋሽ። ኮምቦልቻ ላይ በሱ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ፣ እህቴ እዛ ነው የምትኖረው፣ ጎመኑን እየገዛች ለልጆቿ ታበላለች። እኔ እዚህ ላይ ከትሮሊ የጣልኩት ነገር የእህቴ ልጆች ሳህን ድረስ መንገድ እንዳለው ዛሬ ነው የታየኝ።

ስንመለስ ማንም አላወራም። አንዷ ነርስ ዋርድ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ግማሽ የቀረ ግሉኮስ ወስዳ ሲንክ ላይ መድፋት ነው።

ህዳር 5

እትዬ ሁለተኛ ክትባታቸውን ዛሬ ወሰዱ፣ ፔፑንም ጨርሰዋል። መድሃኒቱ ያቅለሸልሻቸው ነበር ግን አንድ ቀን አላቋረጡም። ሌሎቹን ፅዳቶችም፣ አያንም ጨምሮ፣ ለማስከተብ ዝርዝር ይዤ ለሜትረን ሰጥቻለሁ፣ ሰባት ሰው ነው፣ ክትባቱ እስኪገኝ እየጠበቅን ነው።

ሳምንቱ ግን መጥፎ ነበር። ቢጫ ከረጢት አለቀ። ስቶር የለም፣ ግዥ ላይ ነው ተባልን። ማታ ተረኛ የነበሩት ያገኙትን ጥቁር ከረጢት ለሁሉም ተጠቀሙ፣ ጠዋት ስገባ ሥዕሎቻችን ከነ ባልዲያቸው አሉ ግን ውስጣቸው ሁለቱም ጥቁር ነው፣ አልቅሼ ነበር። አንጋፋዋ ሲስተር ናቸው መፍትሄውን ያመጡት፣ "ከረጢቱ ቢጠፋ ቀለሙ አይጠፋም" አሉና ቢጫ ጨርቅ ቀዳደው የጥቁሩን ከረጢት አፍ በቢጫ ጨርቅ ማሰር ጀመሩ። ቢጫ ያሰረ ሁሉ ተላላፊ ነው። ለስድስት ቀን በዛ ነው የቆየነው።

ተማሪዎችም መጡ፣ 14 ናቸው፣ ለፕራክቲስ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ደባለቁት። አሁን በገቡ ጠዋት አስር ደቂቃ ትሮሊው ጋ አቁመን እናሳያቸዋለን፣ የሚሰራውን በእጃቸው እናሰራቸዋለን።

ህዳር 12

ዛሬ ህዳር ሚካኤል ነው፣ ህዳር ሲታጠን። ከንጋት ጀምሮ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል፣ የጦሳ ተራራ አይታይም ነበር።

ይሄ ልማድ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ሰው ሲጨርስ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠል፣ ሰፈሩ ይታጠን ተባለ፣ ከዛ ልማድ ሆኖ ቀረ። ያኔ ሰው የሚያቃጥለው ቅጠል፣ ገለባ፣ አሮጌ ጨርቅ ነበር። ልማዱን አከብራለሁ፣ እናቴም ዛሬ ግቢዋን ጠርጋ አጥናለች፣ ሰው በአንድ ቀን ተባብሮ ሰፈሩን ማፅዳቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዛሬ ወደ ሥራ ስመጣ ያየሁት እሳት ውስጥ ያለው ፌስታል፣ ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ አንዱ ጋ ደሞ የኢንሱሊን ሲሪንጅ አየሁ። የሰፈር እሳት 850 ዲግሪ አይደርስም።

ያ ሲሪንጅ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስኳር ያለበት በሽተኛ በቀን ሁለቴ ቤቱ ይወጋል፣ መርፌውን የት ነው የሚጥለው? እኛ ስንት ጊዜ አስተምረናል አወጋጉን፣ አጣጣሉን ግን አንድም ቀን አልነገርነውም። ስኳር ክሊኒክ ያለችውን ጓደኛዬን ዛሬውኑ አናገርኳት፣ ከነገ ጀምሮ ለያንዳንዱ በሽተኛ እንነግራለን፣ ባዶ የበረኪና ጀሪካን ወይም ጠንካራ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ያዘጋጁ፣ መርፌውን እዛ ያጠራቅሙ፣ ልጆች የማይደርሱበት ያስቀምጡ፣ ለመድሃኒት ሲመጡ ይዘውልን ይምጡ። ሃይላንድ አይሆንም፣ ስስ ነው ይበሳል።

ግቢያችን ውስጥም "ዛሬ ህዳር ስለሆነ የተጠራቀመውን እናቃጥል" ያሉ ነበሩ። ከአያ ጋር ሆነን ካርቶኑና ወረቀቱ ለብቻው ይውጣ፣ ከረጢት ግን ከማቃጠያው ውጪ ሜዳ ላይ አይነካም አልን። ተከራከርን፣ ድምፅም ከፍ ብሎ ነበር፣ በመጨረሻ ሰሙን።

ህዳር 17

ስድስት ሳምንት ሞላ። የእትዬ ምርመራ ነጋቲቭ ነው። ገና የሦስት ወሩ ይቀራል። "አልሐምዱሊላህ" ብለው አቀፉኝ፣ በማግስቱ ቆሎ ይዘው መጡ።

ህዳር 22

ቴርሞሜትር ተሰበረ። ባለ ሜርኩሪው፣ አሮጌው፣ ከመሳቢያ ውስጥ ማን እንዳወጣው እንጃ። ተማሪዋ በመጥረጊያ ልትጠርገው ስትል ደረስኩ። ሜርኩሪ አይጠረግም፣ ይበታተናል፣ ይተናል፣ የምንተነፍሰው እሱን ነው። መስኮት ከፈትን፣ ሰው አስወጣን፣ ጓንት አድርጌ በሁለት ካርድ ገፋ ገፋ አድርጌ ጠብታዎቹን ሰበሰብኩ፣ ቀሪዋን በሲሪንጅ ስቤ ትንሽ ውሃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት። ይሄ ቢጫ ከረጢትም ሴፍቲ ቦክስም አይገባም፣ ከተቃጠለ ሙሉውን ጭስ ውስጥ ነው የሚወጣው። በሚናማታ ስምምነት መሰረት እነዚህ ቴርሞሜትሮች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ መመረትም ከአገር አገር መላክም የለባቸውም፣ ስለዚ መሳቢያዎቹን በሙሉ ፈተሽን፣ አራት ተጨማሪ አገኘን፣ አሽገን ፅፈንበት ለብቻ ተቆልፎባቸዋል።

ታህሳስ 3

ጋሪው! ሁለተኛው ጋሪ ተሰራ። ጎማ ከጋራዥ ተገኘ፣ ያ በያጅ በየደው፣ ቢጫ ቀለም ቀባነው፣ ነርሶች ከኪሳችን አዋጥተን ነው። አሁን ጠዋት ጥቁሩ በጥቁር ጋሪ መጀመሪያ ይወጣል፣ ቢጫው በኋላ፣ መንገዳቸውም ሰዓታቸውም ይለያያል።

ለኔ ከሥዕሉም ከሳጥኑም በላይ ይሄ ነው ነገሩን የቀየረው። ጋሪው በወጣ በሦስተኛው ቀን "ለማን ብዬ ልለይ" ካሉኝ አምስቱ አንዷ በመስኮት ቆማ ስታይ አየኋት፣ ጋሪዎቹ ተከታትለው ሲሄዱ አይታ ምንም ሳትለኝ ተመለሰች። ማንም ሳይነግራት በዛን ቀን የአስታማሚ ሃይላንድ ከቢጫው ባልዲ ገና ከላይ ሳለ በመቆንጠጫ አውጥታ ጥቁሩ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ (አይወጣም፣ ነገርኳት፣ አንዴ የገባ ገብቷል፣ ግን ልቧ ገባኝ)።

ቁጥሩ፦ ቢጫ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ ሁለት ተኩል። ጥቁር አምስት።

አያ ደሞ እሳቱ ቶሎ ይይዛል አሁን አሉኝ። የሚፈስ ነገር ደፍተን፣ ጎዙን ጨምቀን፣ በረኪና የነካውን አንጠባጥበን ነው የምንልከው። በረኪናውንም በልኩ ነው የምንበጠብጠው፣ ባለ 5 ከመቶው አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ድሮ በግምት ስለነበር የእጃችን ቆዳ ይላጥ ነበር፣ ውሃ ተራ ጠብቆ በሚመጣበት ከተማ ውሃውም ይባክናል።

ታህሳስ 18

ነርሶቹን ድጋሚ ጠየቅኩ፣ ያንኑ ሦስት ጥያቄ። አሁንም አበባ ያለኝ አለ። ግን "ለአካባቢ ተስማሚ ሆስፒታል" ስል አንዷ "አያ ሳያስሉ የሚውሉበት" አለችኝ፣ ሌላኛው "የምንገዛውን መቀነስ ነው፣ ጓንት ለማያስፈልገው ሁሉ ጓንት አጥልቀን አልጋ እናነጥፋለን" አለ፣ ይሄ እኔም ያላሰብኩት ነው። ጤናው ዘርፍ ብቻውን ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ 4.4 ከመቶውን እንደሚያወጣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንብቤ ነበር፣ ለሱ ነገርኩት፣ የኛ ድርሻ ከሀብታሞቹ ጋር ሲነፃፀር ኢምንት ነው፣ ግን የኛ ጭስ የሚወድቀው የኛው ሰፈር ላይ ነው አለኝ።

ያልተሰራው ብዙ ነው። የአመዱ ጉድጓድ አሁንም እንደተናደ ነው፣ ደብዳቤ ፅፈናል፣ ክረምት ሳይገባ ሲሚንቶ ካልተመታ ያው ቦርከና ነው የሚወርደው። የሌሎቹ ዋርዶች ቆሻሻ አሁንም ተደባልቆ ነው የሚመጣው፣ ሜዲካልና ማዋለጃ ክፍል ትሮሊያቸው ላይ ቀለበቱን እንዲሰራላቸው ጠይቀዋል፣ በያጁ ብረት አምጡ ብሏል።

ጥር 6

ትላንት የእትዬ የሦስት ወር ውጤት ወጣ። ነጋቲቭ፣ ኤችአይቪውም ሄፓታይተሱም። ወረቀቱን እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፣ ሁለቴ አንብቢልኝ አሉ፣ ሁለቴ አነበብኩ። ሦስተኛው ክትባት ሚያዝያ 5 ነው፣ የካርዳቸው ጀርባ ላይ ፅፌዋለሁ፣ የሰባቱ ሰዎች ክትባትም ስለገባ ሰኞ ይጀምራሉ፣ አያ መጀመሪያ።

ከሰዓት በኋላ ሜዲካል ዋርድ ባልዲያቸውን ለማየት ሄድን። እትዬ አብረውኝ ነበሩ፣ በሩ ጋ ቆመው "ይሄ እዚህ አይሆንም ልጆቼ፣ አስታማሚው የሚቀመጠው ወዲያ ነው" ብለው ባልዲውን በራሳቸው እጅ አነሱት፣ ነርሶቹም ተከተሏቸው።